አውሮፕላንን የሚለኩ ሰዎች የት ይማራሉ?

ጃንዋሪ 19 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ኤክስ-31 የተባለችው የሙከራ አውሮፕላን በካሊፎርኒያ በረሃ፣ ከኤድዋርድስ የአየር ኃይል ሰፈር ወጣ ብሎ ተከሰከሰች። ጀርመናዊው አብራሪ ካርል-ሃይንዝ ላንግ በጃንጥላ ወረደ፤ ቢጎዳም ሕይወቱ ተረፈ። ሞተሯ አልጠፋም፣ ክንፏም አልተሰበረም። የአየር ፍጥነትን የሚለካው፣ አፍንጫዋ ላይ የተተከለው ቀጭን ቱቦ በበረዶ ተደፍኖ ነበር። የበረራ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር ከቱቦው የደረሰውን የተሳሳተ ፍጥነት አምኖ በዚያው ልክ አዘዘ፤ አውሮፕላኗም ከቁጥጥር ወጣች።

ቀድሞ በቦታው የነበረው ቱቦ ማሞቂያ ነበረው። «ኪል» በሚባለው ዓይነት የተተካው፣ አውሮፕላኗ አፍንጫዋን እጅግ ሽቅብ አቅንታ ስትበር የተሻለ ልኬት ስለሚሰጥ ነው። አዲሱ ቱቦ ማሞቂያ አልነበረውም፤ በኮክፒቱ ያለው የማሞቂያ ማብሪያ ግን እንደነበረ ቀረ። ላንግ በዚያን ቀን ማብሪያውን ከፍቶት ነበር። መሬት ላይ ባለው የመቆጣጠሪያ ክፍል ማብሪያው ከምንም ጋር እንዳልተገናኘ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ነገሩ ለአብራሪው የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ ያውም «ምናልባት» በሚል ቃል ነው። ናሳ ታሪኩን በኋላ በፊልም አዘጋጅቶ ለትምህርት አውሎታል።

የተሻለ ልኬት ፍለጋ የተደረገ ለውጥ መጨረሻው ይህ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚያቅዱት፣ የሚገጥሙትና የሚመዘግቡት መሐንዲሶች በምን ሥርዓት እንደሚሠለጥኑ ሲጠየቅ ግን ዛሬም የሚሰጠው መልስ ቁርጥራጭ ነው።

ለሙከራ በረራ የተዘጋጀ አውሮፕላን ውስጥ የገባ ሰው መጀመሪያ ዓይኑን የሚስበው ብርቱካንማ ቀለም ነው። የሙከራው መለኪያ ሽቦዎችና ሳጥኖች ከአውሮፕላኑ ከራሱ ሽቦ እንዲለዩ ብዙውን ጊዜ በዚህ ቀለም ይሠራሉ። ክንፉ ላይ የብረቱን መለጠጥ የሚለኩ ስስ ንጣፎች ይለጠፋሉ፤ ሞተሩ ውስጥ ሙቀት ለካ ሽቦዎች ይገባሉ፤ በጅራቱ ንዝረት የሚቆጥሩ ሴንሰሮች ይታሰራሉ። የሁሉም ንባብ በአንድ የጋራ ሰዓት ተለክቶ ይቀዳል፤ ከፊሉም በራዲዮ ወደ መሬት ይላካል፤ ይህም ቴሌሜትሪ ይባላል። አብራሪው በአውሮፕላኑ ላይ የተሰማውን ይናገራል። ክንፉ ሊሰበር ምን ያህል እንደቀረው የሚናገረው ግን ብርቱካንማው ሽቦ ነው።

ወደ ሥልጠናው እንመለስ። እንግሊዝ በ1943 እ.ኤ.አ. የሙከራ አብራሪዎችን ትምህርት ቤት በቦስኮምብ ዳውን የከፈተችው፣ በጦርነቱ መካከል አዳዲስ አውሮፕላኖችን የሚሞክሩ አብራሪዎች እየሞቱ ስላስጨነቃት ነው። አሜሪካ በ1944፣ ፈረንሳይ በ1946 ተከተሏት። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ውለው አድረው ሙከራውን የሚያቅዱና ውጤቱን የሚተነትኑ መሐንዲሶችንም ማሠልጠን ጀመሩ። መለኪያውን የሚሠራው ሰው ግን በደጃፉ ቀረ። በእነዚያው ዓመታት በካሊፎርኒያው ሙሮክ በረሃ ኤክስ-1 በተባለችው የሙከራ አውሮፕላን ላይ መለኪያዎችን የተከሉት፣ የናሳ ቀዳሚ የሆነው የናካ ሰዎች ሥራውን የተማሩት ከሥራው ነው። አውሮፕላኗ በ1947 ከድምፅ ፍጥነት ስታልፍ በፊልም ላይ የቀሩትን መስመሮች አንድ በአንድ አንብበው ወደ ቁጥር የመለሱት፣ ሮክሳና ያንሲ የምትመራቸው ሴቶችም እንዲሁ።

ለመለኪያ መሐንዲሱ የደረሰው መጽሐፍ ነው። የኔቶ የአየርና ኅዋ ምርምር አማካሪ ቡድን፣ አጋርድ፣ ስለ ሙከራ በረራ ልኬት ተከታታይ መጻሕፍት አሳተመ፤ የሙያውን መሠረት የሚያስተምረው ቅጽ በፑልና ቦስማን አዘጋጅነት በ1974 ወጣ፣ በ1994ም ታድሶ ታተመ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። አጫጭር ኮርሶችም አሉ፤ የመሣሪያ አምራቾችም ስለየራሳቸው ዕቃ ያስተምራሉ። የቀረውን ጀማሪው ከነባሩ መሐንዲስ ጎን ቆሞ ይለቅመዋል።

ከሊቅ እግር ሥር መማርን የሚንቅ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። ግን የቅኔ ቤትን እናስብ። ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ደረጃ በደረጃ ወጥቶ መወድስ ይደርሳል፤ የትኛው እርከን ላይ እንዳለ መምህሩም ጓደኞቹም ያውቃሉ። የመለኪያ መሐንዲሱ ትምህርት እንዲህ ያለ መሰላል የለውም። በሥራው ላይ የገጠመውን ያውቃል፤ ያልገጠመውን አለማወቁን እንኳ የሚነግረው የለም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። አንድ የጅራት ክፍል በሴኮንድ 90 ጊዜ ይንቀጠቀጣል እንበል፤ መቅጃው ደግሞ በሴኮንድ 100 ጊዜ ንባብ ይወስዳል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው በሴኮንድ 10 ጊዜ የሚወዛወዝ የተረጋጋ ሞገድ ነው። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ሽቦው አልተቆረጠም፣ ሞገዱም ያማረ ነው፤ ግን ሐሰት ነው። ፈጣኑን ንዝረት ንባቡ ከመወሰዱ በፊት በማጣሪያ ማስቀረት ይገባ ነበር፤ ከተቀዳ በኋላ ምንም ዓይነት ሶፍትዌር ሐሰቱን ከእውነቱ አይለየውም። ይህንን ሕግ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሁሉ ለፈተና ይጽፈዋል። በአውሮፕላን ላይ ሲገጥመው ለይቶ የሚያውቀው ግን ተለማምዶ ያየው ብቻ ነው። ክንፍ ላይ የተለጠፈው ንጣፍም እንዲሁ ነው፦ በ11 ኪሎ ሜትር ከፍታ የውጭው አየር ከዜሮ በታች 56 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብረቱ ይኮማተራል፤ ንጣፉም ቅዝቃዜውን ጭነት አስመስሎ ሊያቀርበው ይችላል። ግፊት በረጅም ቀጭን ቱቦ ተጉዞ ሴንሰሩ ጋ ሲደርስ ይዘገያል። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሰዓቱ የተሳሳተ ይሆናል ማለት ነው።

ስለዚህ ሥልጠናው መጀመር ያለበት ከልኬቱ ሰንሰለት ሁሉ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የንጣፉ ሙጫ ከሚቀባበት ቦታ ጀምሮ ተንታኙ ግራፉን እስከሚያነብበት ጠረጴዛ። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ሥልጠና ሰንሰለቱን ቆራርጦ የሚያስተምር ነው። የሴንሰሩ ሰው፣ የቴሌሜትሪው ሰው፣ የሶፍትዌሩ ሰው እያንዳንዱ በየራሱ ቀለበት ያድርና በቀለበቶቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ ባለቤት ያጣል። ኤክስ-31 የወደቀችው በመጋጠሚያ ላይ ነው።

ቴክኖሎጂውም ክፍተቱን አስፍቶታል። በሙከራ ሜዳዎች የጋራ ቋንቋ የሆነው ኢሪግ 106 የተባለው የቴሌሜትሪ ደረጃ ከድሮው ተከታታይ የምልክት ጅረት አልፎ ኔትወርክንም አካትቷል። ወጣቱ መሐንዲስ ኔትወርኩን አሳምሮ ያውቃል፤ ስለ ሙጫና ስለ ማጣሪያ የሚያውቁት ግን ወደ ጡረታ የቀረቡት ናቸው። የሥራው ዑደትም አይረዳም። ቦይንግ 777 መጀመሪያ የበረረው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው፤ 787 ደግሞ በ2009 እ.ኤ.አ.። በመካከሉ የነባር ሞዴሎች ለውጦች መፈተናቸው ባይቀርም፣ ፍጹም አዲስ አውሮፕላንን ከባዶ መለኪያ የማልበስ ዕድል 15 ዓመት ሊያስጠብቅ ይችላል። በ25 ዓመቱ ያየውን በ40 ዓመቱ የሚደግም ሰው ብዙ ነገር ረስቷል።

በአገራችን አዲስ የመንገደኛ አውሮፕላን ተሠርቶ የሚፈተንበት ኢንዱስትሪ የለም። ጉዳዩ ግን ይመለከተናል፤ ለምን እንደሚመለከተንም መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አሳይቶናል። በዚያን ዕለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ የአውሮፕላኑን የአፍንጫ አቅጣጫ ከአየሩ ጋር የሚለካው የግራ ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አነበበ፤ የቀኙ 15.3 ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የሚያምነው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነበርና አፍንጫውን ወደ ታች ገፋው። 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ ከአራት ወር በላይ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ 189 ሰዎች በሞቱበት የላየን ኤር አደጋ፣ መርማሪዎቹ እንደደረሱበት፣ ሴንሰሩ ሲጠገን ካሊብሬሽኑ በ21 ዲግሪ ተሳስቶ ነበር፤ ከተገጠመ በኋላም ስሕተቱ አልተገኘም። ሁለቱ ሴንሰሮች የተሳሳቱበት መንገድ አንድ ነው እያልኩ አይደለም። የኤምካስ ንድፍም የራሱ ከባድ ጥፋት ነበረበት። ግን «ይህ ቁጥር ከየት መጣ? ማን አረጋገጠው?» ብሎ መጠየቅ ከሙከራ ሜዳ እስከ ጥገና ሃንጋር የሚያስፈልግ ልማድ ነው። የኢትዮጵያ አቪዬሽን ዩኒቨርሲቲን ለመሰለ፣ ለአፍሪካ ቴክኒሻኖችን ለሚያፈራ ተቋም፣ የልኬት ትምህርትን በጥልቀት መስጠት ቅንጦት አይሆንም።

ሥልጠናው ምን ይመስላል? ከክፍል ይልቅ ላቦራቶሪና አሮጌ አውሮፕላን ይቅደሙ እላለሁ። ሠልጣኙ ሴንሰር ራሱ ይትከል፣ ራሱ ካሊብሬት ያድርግ፣ ከዚያ አሠልጣኙ ደብቆ ያበላሸውን መጋጠሚያ ከተቀዳው ዳታ ብቻ ተነሥቶ ይፈልግ። የስሕተት ስሌት በየልኬቱ አብሮ ይጻፍ፤ «ይህን ያህል እርግጠኛ ነኝ» የማይል ቁጥር አይፈረም። የትኛውም ለውጥ በኮክፒቱ ውስጥ ምን እንደሚቀይር ለአብራሪ በቃል ማስረዳት ደግሞ የማለፊያ ፈተና ይሁን፤ ብዙ ጎበዝ መሐንዲስ የሚወድቀው እዚህ ነውና።

ዋናው ችግር ገንዘቡ የሚመጣበት መንገድ ነው። ኩባንያዎች ሥልጠናን በአዲስ ፕሮግራም በጀት ላይ ይለጥፉታል፤ ፕሮግራሙ ሲጣደፍ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፤ ሲያልቅም ይዘጋል። ራሱን የቻለ ቋሚ በጀትና ቋሚ አሠልጣኝ ያስፈልገዋል። ነባሮቹ መሐንዲሶች ደግሞ ለማስተማር የተመደበ የሥራ ሰዓት ይሰጣቸው፤ ከሰዓት ውጭ በጎ ፈቃድ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት ሰውየው በሄደ ማግስት ይቆማል። በሁለት ፕሮግራሞች መካከል ያለው ረጅም ጊዜ ዛሬ እንደ ኪሳራ ይቆጠራል፤ መሣሪያው ቆሞ፣ አዋቂዎቹ ገና በሥራ ላይ ሳሉ ለማሠልጠን ከዚያ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።