ጀርሙን ስንፈራ በረኪናው እንዳይጎዳን



እዚህ ሊባኖስ ቤት ውስጥ የምትሠሩ እህቶች ስትጨዋወቱ የገበያ ነገር ሳይነሣ አይቀርም። የሱፐርማርኬቱን ጋሪ ስንት ሰው ነካው? ቲማቲሙን ማን ሲያገላብጠው ዋለ? ገንዘቡስ ከማን ኪስ ወጣ? አንዳንዶቻችሁን ደግሞ ከራሳችሁ ሥጋት ይልቅ የማዳም ሥጋት ያስጨንቃችኋል። ገና ከበር ሳትገቡ ልብስ ቀይሩ፣ ፌስታሉን በበረኪና ጥረጉ፣ እጃችሁንም በዚያው ታጠቡ ትባላላችሁ። በዛሬው ጽሑፋችን ከዚህ ሁሉ የትኛው እንደሚጠቅም፣ የትኛው ከንቱ ድካም እንደሆነ፣ የትኛው ደግሞ ራሱ ጉዳት እንደሚያመጣ እንመለከታለን።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮሮና ሲገባ መተላለፊያው ገና በደንብ ስላልታወቀ በብዙ ቤት ከገበያ የመጣ ዕቃ ሁሉ በአልኮልና በበረኪና ይወለወል ነበር። ሥራው በእናንተ እጅ ያለፈ ነውና አትረሱትም። ጥናቱ እየጠራ ሲመጣ ግን በሽታው በዋናነት የሚተላለፈው በትንፋሽ መሆኑ ታወቀ። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል በኤፕሪል 2021 ባወጣው ማብራሪያ፣ ቫይረሱ ያረፈበትን ዕቃ አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድል ከ10,000 አንድ እንደማይሞላ ገልጿል።

በኦክቶበር 2022 ደግሞ ሊባኖስ ውስጥ ከ1993 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌራ ታየ። ኮሌራ በተበከለ ውሃና ምግብ በአፍ የሚገባ በሽታ ነው። ለኮሮና የጠቀመው ማስክ ለኮሌራ አይሠራም፤ ለኮሌራ የሚያስፈልገው ንጹሕ ውሃ፣ የታጠበ እጅና በደንብ የበሰለ ምግብ ነው። እንግዲህ በሽታ ሁሉ የራሱ መንገድ አለው። መንገዱን ያወቀ በሩን ይዘጋል፤ ያላወቀ ግን ግድግዳውን ሁሉ ሲወለውል ይውላል።

ሱቅ ውስጥ ሳለን

በጋሪው እጀታ ወይም በገንዘቡ ላይ ጀርም መኖሩ እውነት ነው። ነገር ግን እጃችን ላይ ስላረፈ ብቻ አያሳምመንም። እጃችን ወደ አፍ፣ ወደ አፍንጫ ወይም ወደ ዓይን ሲሄድ ነው መንገዱን የሚያገኘው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ትልቁ ጥንቃቄ ፊትን አለመንካት ነው። ሊራው ከወደቀ ወዲህ ለትንሽ አስቤዛ እንኳ የብር እሽግ ይዘን ነው የምንወጣው፤ ያን ሁሉ ኖት ጣታችንን ምራቅ እያስነካን ከቆጠርን ግን ጀርሙን በገዛ እጃችን አጎረስነው ማለት ነው። አልከፈት ያለ ፌስታል በምራቅ መክፈትም፣ ወይኑን ሳይታጠብ መቅመስም እንዲሁ ነው።

ጓንት አድርገን ብንወጣስ? ጓንቱ ጋሪውንም፣ ገንዘቡንም፣ ሞባይላችንንም ከነካ በኋላ ፊታችንን ከነካ ከባዶ እጅ አይሻልም። ውሃና ሳሙና እስክናገኝ ድረስ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ያለው የእጅ ማጽጃ ይበቃል።

ከገበያው ዕቃ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው ጥሬ ሥጋና ጥሬ ዶሮ ነው። ለብቻው በፌስታል ይቋጠር፤ ጋሪው ውስጥም ከታች ይቀመጥ፤ ውሃው ሰላጣው ወይም ዳቦው ላይ አይንጠብጠብ። ቀዝቃዛ ነገር የሚገዛው በመጨረሻ ነው። ሥጋ ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነበት የበጋ ቀን ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ።

እቤት ስንገባ

ከሁሉ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠባል። መዳፍ ብቻ ሳይሆን የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣትና የጥፍር ሥር ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ይታሻል። ተራ ሳሙና ይበቃል። የብዙ ቫይረሶች ሽፋን ስብ ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል፤ ሌላውንም ጀርም ከቆዳችን አላቅቆ ከውሃው ጋር ይወስደዋል።

ቀጥሎ ቀዝቃዛው ዕቃ ወደ ፍሪጅ ይገባል። መብራት ሲጠፋና ኢሽቲራኩም ሲቋረጥ ፍሪጁን አትክፈቱት፤ ተዘግቶ ከቆየ ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል ያቆያል።

ጥሬውን የሚበላ አትክልት፣ ለታቡሌ የሚሆነውን ባቅዱኒስ ጨምሮ፣ ቅጠል ቅጠሉን ለይቶ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ማጠብ ነው። የቧንቧው ውሃ የማያስተማምን ከሆነ በመጨረሻ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወይም በመጠጥ ውሃ ይለቅለቅ። በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በጽዳት በረኪና ግን አትክልት አይታጠብም፤ ቅጠሉ ውስጥ ይቀራልና።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን ወደማንስማማበት ነገር እንምጣ። እኛ ዶሮን በሎሚና በጨው ደጋግመን ካላጠብን እጃችን ድስት ውስጥ አይከተውም። እናቶቻችን ያስተማሩን ሙያ ነው። ይሁን እንጂ የምግብ ጤና ባለሙያዎች ጥሬ ዶሮ አትጠቡ ይላሉ። ሳልሞኔላን የመሰሉት ጀርሞች በሎሚ አይሞቱም፤ ከቧንቧው ስር ሲታጠብ የሚረጨው ውሃ ግን ሲንኩን፣ ሰሃኑንና በአጠገቡ ያለውን ሰላጣ ይበክላል። ጀርሙን የሚገድለው እሳቱ ነው፤ አጥንቱ ድረስ በስሎ ፈሳሹ ጥርት ሲል። ሳላጥብ አላበስልም የምትል እህት ብትኖር በሳህን በተቀዳ ውሃ ቀስ አድርጋ ታለቅልቀው፤ ሌላውን ምግብ አስቀድማ ታንሣ፤ በኋላም ሲንኩን፣ መክተፊያውን፣ ቢላዋውንና እጇን በሳሙና ትጠብ።

በረኪና መድኃኒትም መርዝም ነው

ከጀርሙ ይልቅ ብዙ እህቶችን የሚያሰጋው እዚህ ላይ ነው። ሽንት ቤቱ ይበልጥ እንዲነጣ ወይም ማዳም ደስ እንዲላቸው ተብሎ በረኪና ከአሲድ ጋር ይቀላቀላል። ከዚህ የሚወጣው ክሎሪን የተባለ ጋዝ ነው፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮችን ለመግደል የዋለው ያው ጋዝ ነው። በረኪና ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። ኮምጣጤም አሲድ ነው። ስለዚህ በረኪና ከውሃ በቀር ከምንም ጋር አይቀላቀል። አንዱን ተጠቅማችሁ ሌላውን ከማፍሰሳችሁ በፊትም ቦታውን በብዙ ውሃ አለቅልቁ።

ለገበታና ለወለል 5 በመቶ ከሆነው በረኪና 20 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 4 የሻይ ማንኪያ፣ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በቂ ነው። መስኮት ይከፈት፤ ጓንትም ይደረግ። ዓይን ካቃጠላችሁ፣ ካሳላችሁ፣ ደረታችሁን ከጨመደዳችሁ ሥራውን ትታችሁ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ውጡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ለ15 ደቂቃ በውሃ እጠቡ። ትንፋሽ ከከበዳችሁ የሊባኖስ ቀይ መስቀል አምቡላንስ በ140 ይጠራል።

እጅን በበረኪና መታጠብም ንጽሕና አይደለም። ቆዳው ይሰነጠቃል፤ ቁስሉ ደግሞ ራሱ ለጀርም በር ይሆናል። ማታ ማታ ቫዝሊን መቀባት የደረቀ እጅን ይረዳል።

ለማዳም እንዴት እንንገር?

ቀላቅዪው ብትባሉ በትሕትና፣ ግን በግልጽ፣ «ማዳም፣ ክሎር መዕ አሲድ ኸጠር» በሉ፤ ሁለቱ አንድ ላይ አደጋ ናቸው ማለት ነው። ጋዙ የሚጎዳው እናንተን ብቻ ሳይሆን በቤቱ ያሉትን ልጆችና አረጋውያን ጭምር መሆኑንም አስረዱ። እጅሽን በበረኪና ታጠቢ ለሚሉ ደግሞ በሳሙና ስትታጠቡ ይዩዋችሁ፤ በዓይናቸው ያዩት ነገር ያሳምናቸዋል።

ገበያ ደርሳችሁ ስትመለሱ እንደ ቆሻሻ የምትታዩ ከሆነም ነገሩን በልባችሁ አታኑሩት። ጋሪውን የባለቤቲቱም እጅ ነክቶታል፤ ጀርም ፓስፖርት አያይም። የቤቱን ምግብና ጤና በየቀኑ የሚጠብቀው የእናንተ እጅ ነው፤ እናንተም ይህን እጅ ጠብቁት።

ደኅና ሁኑልን።