መጠበቅ ማለት ማጠብ አይደለም

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል ይባላል። ይህ አባባል ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው በየቤታችን ለሚገኘው የአባትና የእናት ዕቃ ነው። ተማሪው አክሱም ሄዶ ሐውልቱን አይቶ ይደነቃል፤ ወጣቱ ሹም ላሊበላን ጎብኝቶ ሲመለስ ለባልንጀሮቹ ያወራል፤ በሙዚየም ውስጥ በመስተዋት ተከድኖ የተቀመጠውን የብራና መጽሐፍ ለማየትም ብዙ መንገድ ይሄዳል። በገዛ ቤቱ ግን በቁም ሣጥኑ ራስ ላይ ከነማኅደሩ አቧራ የለበሰው የአያቱ ዳዊት፥ በሣጥን ውስጥ በጨርቅ የተቋጠረው የብር መስቀልና ጠገራ ብር፥ በግድግዳ ላይ ፀሐይ የሚያቃጥለው የአባቱ ፎቶግራፍ ቅርስ መሆናቸው ትዝ አይለውም። ትዝ ያለው ዕለት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ ያጥባቸዋል፥ ይወለውላቸዋል፥ ያድሳቸዋል። ጥፋቱም የሚጀምረው ከዚያ ላይ ነው።

ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱን እኔው ራሴ ስለ ሠራሁት ነው። ተማሪ ሳለሁ ለፋሲካ በዓል ወደ አያቴ ቤት ሄጄ ነበር። ከአልጋቸው ራስጌ፥ እንደ መጽሐፍ የምትከፈትና የምትዘጋ አንዲት ትንሽ የእንጨት ሥዕል ተሰቅላ ነበር። የዕጣንና የምድጃ ጢስ ለብዙ ዘመን ስለ ጠጣች ጠቁራለች። አያቴ ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት ሰዓት ላስደስታቸው ብዬ ለብ ያለ ውሃ፥ ሳሙናና ጨርቅ አቀረብሁና ማሸት ጀመርሁ። መጀመሪያ ጥቀርሻው ለቀቀ፤ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ጨርቁ ቀላ፤ ቀለም መሆኑን ሳላስተውል ማሸቴን ቀጠልሁ። ጥቂት ቆይቶ የእመቤታችን ፊት የነበረበት ቦታ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ሆኖ ቀረ። አያቴ ሲመለሱ አልተቈጡኝም። ሥዕሏን አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ አደረቋትና «ልጄ፥ እኔ እንዲያ ሆና ነበር የማውቃት» ብለው መልሰው ሰቀሏት። ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ፊት በሌላት ሥዕል ሥር ሲጸልዩ ኖሩ።

ለምን እንዲህ እንደ ሆነ የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የጥንት ሠዓሊ በእንጨት ላይ ከመሣሉ በፊት እንጨቱን በሙጫ በተለወሰ ነጭ ዱቄት ይለብጠዋል፤ ቀለሙን የሚያኖረው በዚያ ልባጥ ላይ ነው። ሙጫው ከእንስሳት ቆዳ የሚወጣ ስለ ሆነ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፥ ይለሰልሳል፥ በመጨረሻም ቀለሙን ይዞ ይለቃል። እንግዲህ እኔ ያጠብሁት ጥቀርሻውን ብቻ ሳይሆን ሥዕሉን ራሱን ነበር።

እንዲህ ያለው ስሕተት በእኛ አገር ብቻ የሚደርስ አይምሰላችሁ። በስፔን አገር ቦርኻ በምትባል ትንሽ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የእሾህ አክሊል የደፋ የክርስቶስ ሥዕል ነበር። ርጥበት ሥዕሉን ሲልጠው ያዩ አንዲት አዛውንት ምእመን በቅን ልብ ተነሥተው በብሩሽ ያድሱት ጀመር። በ2004 ዓ.ም. ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ዓለም በሙሉ ሣቀ፤ ፊቱ ፈጽሞ ሌላ መልክ ሆኖ ነበርና። ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም፤ ሥዕሉን ይወዱ ነበር። ግን ፍቅር ብቻውን ዕውቀት አይሆንም።

ከዚህ የምንማረው ዋና ነገር፥ ዕቃን አዲስ ማድረግና ዕቃን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። አዲስ የሚያደርግ ሰው ካለፈው ዘመን አንድ ነገር ያነሣል፤ ያነሣውንም መልሶ ሊያኖረው አይችልም። የሚጠብቅ ሰው ግን ዕቃውን እንዳለ ተቀብሎ ጥፋቱን ያዘገያል። የባለቤቱ ሥራ ይኸው ሁለተኛው ነው። ለዚህም ጠላቶቹን ማወቅ ያስፈልጋል።

አንደኛው ጠላት ብርሃን ነው። ሰው ብርሃንን እንደ ጠላት አያየውም፤ ነገር ግን የፀሐይ ብርሃን የጨርቅን ቀለም ያደበዝዛል፥ ወረቀትን ያደርቃል፥ ፎቶግራፍን ያገረጣል። የክፋቱ ክፋት ደግሞ ይህ ጉዳት በየቀኑ እየተጠራቀመ የሚሄድና የማይመለስ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሥዕልና ፎቶግራፍ በመስኮት ትይዩ አይሰቀሉም። ለአንድ ብርቅ ፎቶግራፍ ደግሞ ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ቅጅውን አስነሥቶ ቅጅውን መስቀልና ዋናውን በጨለማ ማስቀመጥ ነው። እንግዳ ቅጅውን ቢያይ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ጠላት ርጥበት ነው። በክረምት ወራት አየሩ ሲከብድ ሻጋታ ቆዳውንም፥ ወረቀቱንም፥ ጨርቁንም ይወርረዋል። ሣጥንን በመሬት ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ከሥሩ ጡብ ወይም አጣና አድርጎ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ማድረግ፥ ከውጭው ግድግዳም ፈቀቅ ማድረግ አየር እንዲመላለስ ይረዳል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን የጣሊያኗ ከተማ ፍሎረንስ የደረሰባትን ማስታወስ ይበቃል። ጥቅምት 25 ቀን 1959 ዓ.ም. አርኖ የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ከተማይቱን ሲያጥለቀልቅ፥ በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት በምድር ቤት ተቀምጠው የነበሩ እጅግ ብዙ መጻሕፍት በጭቃና በዘይት ተነከሩ። ሠዓሊው ቺማቡዌ ከ600 ዓመት በላይ አስቀድሞ የሣለው ታላቅ የስቅለት ሥዕልም አብዛኛው ቀለሙ ተላጠ። በዚያን ጊዜ ከብዙ አገር የመጡ ተማሪዎች ተሰልፈው፥ መጻሕፍቱን ከጭቃ ውስጥ እጅ በእጅ እየተቀባበሉ አወጧቸው። የዛሬው አጠባበቅ ጥበብ ብዙውን የተማረው ከዚያ መከራ ነው።

እንግዲህ በቤታችን ጣራ አፍስሶ ወይም ቧንቧ ፈንድቶ መጽሐፍ ቢርስ ምን እናደርጋለን? ብዙ ሰው ወዲያው ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል ወይም እሳት ዳር ያቀርበዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለ ሆነ ሙቀት ሲያገኘው ይኮማተራል፥ ይጠቀለላል፤ ከዚያም ወዲያ ወደ ነበረበት አይመለስም። የረሰ መጽሐፍ የሚደርቀው በጥላ ሥር፥ ነፋስ በሚመላለስበት ቦታ፥ ቀስ በቀስ ነው። በቅጠሎቹ መካከል ውሃ የሚመጥ ነጭ ወረቀት ማስገባትና ሲርስም መለወጥ ይቻላል። ተጣብቀው የቀሩ ቅጠሎችን ግን በጉልበት ማላቀቅ አይገባም።

ብራና በደኅና ቦታ ከተቀመጠ ምን ያህል እንደሚኖር ለማወቅ የሚፈልግ በዐድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች ያስታውስ። የብራናቸው ዕድሜ በሳይንስ መሣሪያ ሲመረመር በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተዘጋጁ መሆናቸው ታውቋል። ከ1300 ዓመት በላይ የኖሩት ማንም እያጠበ ስላደሳቸው አይደለም፤ በደረቅና በከፍተኛ ቦታ፥ ከእጅ ወደ እጅ፥ በአደራ ስለ ተጠበቁ ነው።

ሦስተኛው ጠላት ነፍሳት ናቸው፤ ብል የሱፍ ልብስን፥ ነቀዝ እንጨትን፥ ምስጥ ያገኘውን ሁሉ ይበላል። ከእንጨት ዕቃ ሥር አዲስ ዱቄት የመሰለ ብናኝ የተገኘ እንደ ሆነ ውስጡ እየተበላ መሆኑን ማወቅ ነው። ያን ጊዜ የተባይ መድኃኒት በዕቃው ላይ መርጨት ቀለሙንና ቆዳውን ይጎዳል። መጀመሪያ የሚደረገው ዕቃውን ከሌሎቹ መለየት ነው፤ ከዚያ ባለሙያ ይጠየቃል። ከሁሉ በፊት ግን በየወሩ ሣጥን ከፍቶ መመልከት ይበልጣል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

አራተኛው ጠላት የገዛ እጃችን ነው። ስለ ብር ዕቃ እንናገር። ብር የሚጠቁረው በአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ ነው። ጥቁረቱን ለማስለቀቅ በአመድና በሎሚ የሚፈትግ ሰው፥ ከጥቁረቱ ጋር ከብሩም ጥቂት ጥቂት እየፋቀ ያነሣል። በመስቀል ላይ የተቀረጸው ሐረግ ከዘመን ብዛት ጠፋ የምንለው ብዙ ጊዜ በመወልወል ብዛት የጠፋ ነው። ጠገራ ብርንም እንመልከት። በየትኛውም ዓመት ቢመታ በላዩ የሚነበበው ዓመት 1780 ነው፤ ይኸውም በአውሮፓ አቆጣጠር ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ስለዚህ ዐዋቂ ሰው የትና መቼ እንደ ተመታ የሚለየው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ባሉት ጥቃቅን እንቁዎችና በመሳሰሉት ምልክቶች ነው። ፈትገን ስናብረቀርቀው እነዚያን ምልክቶች እናጠፋለን፤ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችም የተፈተገውን በዝቅተኛ ዋጋ ይገምቱታል። ለብር ዕቃ የሚበቃው በለስላሳ ደረቅ ጥጥ ጨርቅ አቧራውን ማንሣትና በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ መጠቅለል ነው። በሱፍና በጎማ መጠቅለል ግን ድኝ ስላለባቸው ያጠቁረዋል።

በወረቀት ላይ የምንሠራው በደል ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። የአባታችን የሹመት ደብዳቤ ተቀደደ ብለን በሚጣበቅ ፕላስተር እንለጥፈዋለን፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማጣበቂያው ቢጫ ሆኖ ወደ ወረቀቱ ይሰርጋል። ወይም በሙቀት በላስቲክ እናሳሽገዋለን፤ ያን ላስቲክ ሳይጎዱ ማላቀቅ እጅግ አስቸጋሪ ነው። በጋዜጣ ጠቅልሎ ማስቀመጥም አይገባም፤ የጋዜጣ ወረቀት ከእንጨት ስለሚሠራ በውስጡ ያለው አሲድ ጎረቤቱን ያበላሻል። ቴምብር የሚሰበስብ ወጣትም ይህን ልብ ይበል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የፖስታ አገልግሎት በ1886 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ በፓሪስ ካሳተሟቸው ሰባት ዓይነት ቴምብሮች አንዱን ያገኘ ሰው በሙጫ ደብተር ላይ ቢለጥፈው ዋጋውን በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው። ቴምብር የሚነሣው በወረንጦ፥ የሚቀመጠውም ያለ ሙጫ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ለሀብታምና ለሙዚየም ነው፤ እኔ ምን አለኝ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ከላይ ከተባለው ውስጥ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ የለም። ጡብ፥ ነጭ ጨርቅና ጥንቃቄ ከማን ቤት ይጠፋል? ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ብቻ ይፈልጋል፤ እርሱም የዕቃውን ታሪክ መጻፍ ነው። ይህ ዳዊት የማን ነበር? ከየት መጣ? ማን ጻፈው? ለማን ወረደ? ርዝመቱና ወርዱ ስንት ነው? የተበላሸው በየት በኩል ነው? ይህን ጽፎ ዕቃውን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው፥ ዕቃው ቢሰረቅ እንኳ ለፖሊስ የሚያሳየው ማስረጃ አለው። ታሪኩ ያልተጻፈለት ዕቃ ግን አዛውንቱ ያረፉ ዕለት ዲዳ ይሆናል።

ይህን የሚያውቁ ነጋዴዎች በየቤቱ እየዞሩ «ይህን አሮጌ ነገር ልግዛችሁ» ይላሉ። ሥዕል ያለበትን ቅጠል ከብራናው ገንጥለው ለብቻው የሚሸጡም አሉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ በእጁ የሚገኝ ሰው በሚገባ እንዲጠብቀው፥ የጥገና ሥራ ሲያስፈልግም አስቀድሞ ፈቃድ እንዲጠይቅ ያዝዛል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ይህን ሕግ የሚያስፈጽሙት የዛሬዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ናቸው። በቤቱ ያለውን ያልጠበቀ ሰው የአገሩን እንዴት ይጠብቃል?

ስለዚህ እሑድ ሲሆን፥ ከአባትና ከእናታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ያን አሮጌ ሣጥን ክፈቱ። ውሃና ሳሙና ግን አታቅርቡ። ደብተር ይዛችሁ ጠይቁ፤ እነርሱም ይንገሯችሁ። የአያቴ ሥዕል ዛሬ በእኔ ቤት፥ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ፊቷን የሚሥልልኝ ሠዓሊ ፈልግ ያሉኝ ወዳጆች ነበሩ፤ እኔ ግን እንዳለች ትቻታለሁ። በደብተሬ ላይ ስለ እርሷ ከጻፍሁት መካከል «ፊቷን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ልጆቼም ይህን አንብበው እንዲጠነቀቁ ነው።