ሰነዱ አለ፣ ሰዓቱ አለፈ

ባንክ ውስጥ ትሬዠሪ የሚባለውን ክፍል ደንበኛ አያውቀውም፤ መስኮት የለውም፣ ወረፋም አይታይበትም። የክፍሉ ባለሙያ ጠዋት ቢሮ እንደገባ የሚያየው ባንኩ በማዕከላዊው ባንክ ዘንድ ያለውን ሂሳብ ነው። ትናንት ስንት ገባ? ዛሬ ስንት ይወጣል? የትኛው የግምጃ ቤት ሰነድ የክፍያ ቀኑ ደረሰ? ቅርንጫፎች ምን ያህል ጥሬ ገንዘብ ጠየቁ? ከዚህ ተነስቶ ቀኑ በምን እንደሚዘጋ ይገምታል። ግምቱ ጎዶሎ ካሳየ ስልክ ያነሳል።

ክፍሉ ለቦርድ በሚያቀርበው ሪፖርት ላይ ደግሞ “በቀላሉ ወደ ገንዘብ የሚለወጥ ሀብት” የሚል መስመር አለ። ቁጥሩ ከፍ ያለ እንደሆነ ሁሉም እፎይ ይላል። መጠየቅ ያለበት ግን ሌላ ነው፦ ይህ ሀብት ዛሬ፣ የክፍያ ሥርዓቱ ሳይዘጋ፣ በእነማን ፊርማና በየትኛው መንገድ ነው ገንዘብ የሚሆነው?

የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ ውድቀት ብዙ ጊዜ የሚተረከው በወለድ ምጣኔ በኩል ነው፤ ትረካውም ስህተት የለበትም። በኮሮና ዘመን ከቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ተቀማጭ በገፍ ሲገባለት ባንኩ ገንዘቡን በረጅም ጊዜ ቦንዶች ላይ አዋለ፤ አብዛኞቹ የሚያስገኙት ወለድ ከ2 በመቶ በታች ነበር። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭ እ.ኤ.አ. ከማርች 2022 ጀምሮ ዜሮ አካባቢ የነበረውን ወለድ እያሳደገ በዓመት ውስጥ ከ4.5 በመቶ በላይ አደረሰው። ወለድ ሲወጣ የቀድሞው ቦንድ ዋጋ ይወርዳል። በ2022 መጨረሻ፣ እስከ ክፍያ ቀናቸው ይያዛሉ ተብለው በተመዘገቡት ቦንዶች ላይ ብቻ በመዝገብ ያልተቆጠረው ኪሳራ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር። የባንኩ ካፒታል ራሱ 16 ቢሊዮን አካባቢ ነው።

በዚህ ሙያ ለኖረ ሰው የበለጠ የሚያሳዝነው ሌላ ነገር ነው። የባንኩ ሞዴል የወለድ ስጋቱ ከተፈቀደው ገደብ ማለፉን ሲያሳይ ኃላፊዎቹ ቦንዶቹን አልቀነሱም። በሞዴሉ ውስጥ ተቀማጩ ባንኩ ዘንድ ይቆያል ተብሎ የተገመተውን ጊዜ አራዘሙት። ቁጥሩ ወደ ገደቡ ተመለሰ፣ ስጋቱ ባለበት ቀረ። የዋናው የስጋት ኃላፊ ወንበርም በዚያው በ2022 ለወራት ባዶ ነበር።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ግን ሙሉ በሙሉ የትሬዠሪ ሥራ ታሪክ ናቸው። ረቡዕ ማርች 8 ቀን 2023 ባንኩ 21 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል ቦንድ ሸጦ 1.8 ቢሊዮን መክሰሩን አሳወቀ። ሐሙስ ደንበኞች ከ40 ቢሊዮን ዶላር በላይ አወጡ፤ አርብ ደግሞ ሌላ 100 ቢሊዮን ሊወጣ እንደሚችል ታወቀ። በዚያች ሰዓት ባንኩ እጅ በአሜሪካ መንግሥት የሚደገፍ በአሥር ቢሊዮኖች የሚቆጠር ቦንድ ነበር፤ ፌዴራል ሪዘርቭም ለእንዲህ ያለው ቀን ሲባል ማስያዣ ለሚያቀርብ ባንክ የሚያበድርበት መስኮት አለው። ነገር ግን ፌዴራል ሪዘርቭ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ባወጣው ግምገማ እንደተገለጸው፣ ባንኩ በ2022 መጨረሻ በመስኮቱ አስይዞ የነበረው 5.3 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ነው። በዚያ ዓመት ለሙከራ ያህል እንኳ አልተበደረም። የቀሩትን ቦንዶች ከተቀመጡበት ተቋም አዛውሮ በፍጥነት ማስያዝ አልቻለም። አርብ ጠዋት ተዘጋ።

ከዚህ አጠገብ መቀመጥ ያለበት የኒው ዮርክ ባንክ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1985 የባንኩ ኮምፒውተር ተበላሸ። ባንኩ የመንግሥት ቦንድ ግብይትን ከሚያወራርዱት ዋና ባንኮች አንዱ ነበር፤ በብልሽቱ ምክንያት ቦንድ ይረከባል፣ ለሻጩም ይከፍላል፣ ለገዢው አስረክቦ ገንዘቡን መቀበል ግን አልቻለም። ሲመሽ ጉድለቱ ከ22 ቢሊዮን ዶላር በልጦ ነበር። ባንኩ ያለውን ማስያዣ ሁሉ አቅርቦ ያንን ገንዘብ ከፌዴራል ሪዘርቭ ለአንድ ሌሊት ተበደረ፤ 5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወለድ ከፈለና ሥራውን ቀጠለ። በአንድ ባንክ ላይ በአንድ ቀን ከደረሱት የገንዘብ እጥረቶች ትልልቆቹ ውስጥ የሚቆጠር ነው፤ ባንኩን ግን አልጣለውም።

የመዝጊያ ሰዓትን ነገር ለዓለም ያስተማረው የጀርመኑ ሄርሽታት ባንክ ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 26 ቀን 1974 ተቆጣጣሪው ፈቃዱን ሲነጥቅ የጀርመን የክፍያ ቀን አብቅቷል፣ ኒው ዮርክ ላይ ገና ጠዋት ነው። በምንዛሪ ግብይት ማርኩን አስቀድመው የከፈሉ ባንኮች ዶላሩን ሳያገኙ ቀሩ። የባዝል ኮሚቴ የተቋቋመው በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው።

አዲስ አበባ ላይ ችግሩ ለረጅም ጊዜ ሌላ መልክ ነበረው። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶውን የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር፤ ሰነዱ የአምስት ዓመት ነው፣ ወለዱ መጀመሪያ ላይ 3 በመቶ። በመዝገብ ላይ ሀብት ነው፣ የሚሸጥበት ገበያ ግን አልነበረም። ገንዘብ ያጠረው ባንክ ማድረግ የሚችለው ትልልቅ አስቀማጮችን በተሻለ ወለድ ማባበል ነበር፤ ይህም ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው የሚዞር ውድ ተቀማጭ ፈጠረ።

አሁን በሮቹ ተከፍተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ በወለድ ላይ ወደተመሠረተ የገንዘብ ፖሊሲ ተሸጋገረና 15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ አስታወቀ፤ ለባንኮች የአንድ ሌሊት ብድር ከዚያ በ3 ነጥብ ከፍ፣ የአንድ ሌሊት ተቀማጭ በ3 ነጥብ ዝቅ ብሎ ተተመነ። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ባንኮች እርስ በርስ የሚበዳደሩበት ገበያ በኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ሥርዓት ላይ ሥራ ጀመረ።

በር መከፈቱ አንድ ነገር ነው፣ ገብቶ መውጣትን መልመድ ሌላ። የብድር ስምምነቱ ተፈርሟል? የግምጃ ቤት ሰነዶቹ በማስያዣነት ሊያዙ በሚችሉበት ሁኔታ ተመዝግበዋል? ሥርዓቱ ላይ ትእዛዝ የሚያስገባውና የሚያጸድቀው ሰው ማነው፣ እሱ ፈቃድ ላይ ቢሆን ተተኪው የይለፍ ቃል አለው? እነዚህ ለቦርድ የማይቀርቡ ትንንሽ ጉዳዮች ይመስላሉ፤ ሲሊከን ቫሊ ባንክን ግን በሁለት ቀን የዘጋው ያለውን ቦንድ በሰዓቱ ማስያዝ አለመቻል ነው።

ሥራ አስኪያጆች ከማዕከላዊ ባንክ መስኮት መበደርን የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው፤ “እገሌ ባንክ ገንዘብ አጥሮታል” የሚል ወሬ በገበያ እንዳይዞር ይሰጋሉ። አሜሪካም ውስጥ ፍርሃቱ ያው ነው። ለዚህም ይመስላል ተቆጣጣሪዎቹ በጁላይ 2023 ባንኮች የድንገተኛ ጊዜ የገንዘብ ምንጮቻቸውን፣ የፌዴራል ሪዘርቭን መስኮት ጨምሮ፣ በየጊዜው እንዲሞክሩ ያሳሰቡት። ሁሉም ባንክ በየተራ በትንሽ መጠን ሲበደር አንዱ ተበደረ ብሎ የሚያወራ አይኖርም። የኢትዮጵያ ባንኮችም ይህን በራሳቸው ፖሊሲ ውስጥ ለመጻፍ መመሪያ መጠበቅ የለባቸውም። 10 ሚሊዮን ብር ለአንድ ሌሊት በ18 በመቶ ቢበደሩ ወለዱ 5 ሺህ ብር አይሞላም።