ስለ ዘይቱን ተክል፤ የዘሩ መሰናዳትና የአፈሩ ምግብ

በጅማ፣ በሲዳማና በወላይታ ምድር፣ በቡናውና በእንሰቱ ጓሮ መካከል፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ የሚመስል፣ ቅርፊቱ እየተላጠ ልስልስ ግንዱን የሚያሳይ፣ ቁመቱም ከቤት ጣራ እምብዛም የማያልፍ አንድ ዛፍ አለ፤ ይኸውም ዘይቱን ወይም ጓቫ የምንለው ነው። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ገና ሳይበስል የሚሸመጥጡት፣ ወፎችም ዘሩን ከአጥር ወደ አጥር የሚያመላልሱት በመሆኑ፣ ባለቤቱ እንደ ቡናው አይኰተኵተውም፣ እንደ እንሰቱም ፍግ አያቀርብለትም፤ ያለ አሳዳጊ ማደጉን አይቶ አሳዳጊ የማያሻው አድርጎ ቈጥሮታልና። ይህ አስተሳሰብ ዛፉንም ባለቤቱንም የሚጐዳ ስለሆነ፣ በዘሩና በአፈሩ ላይ ጥቂት ትጋት ቢደረግ የሚገኘውን በረከት ለአንባቢ መግለጽ ተገቢ ሆኖ ታይቶኛል።

የዘይቱን ጥንተ አገሩ ሞቃታማው የአሜሪካ ምድር ነው፤ እስፓኞች ወደ ፊሊፒን ደሴቶች፣ ፖርቱጋሎችም ወደ ሕንድ ካሻገሩት በኋላ በሞቃቱ ዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። የዕፅዋት ሊቅ የሆነው ሊኔየስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1753 ዓ.ም. ፕሲዲየም ጓጃቫ ብሎ የሰየመው ሲሆን፣ በነገዱ ከባሕር ዛፍና ከቅርንፉድ ጋራ ይዛመዳል። ከፍሬው በ100 ግራም ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ቪታሚን ሲ ይገኛል፤ ይህም ብርቱካን ከሚሰጠው አራት እጥፍ ያህል ነው።

ወደ ዘሩ ስንመለስ፣ አንድ የበሰለ ዘይቱን ለሁለት ቢከፈል፣ በሥጋው መካከል ከ100 እስከ 500 የሚደርስ፣ ነጣ ያለ ቢጫ መልክ ያለው፣ በጥርስ ሲነከስ እንደ አጥንት የሚጠነክር ጥቃቅን ዘር ይታያል። ይህ ጥንካሬ ያለ ምክንያት የተሰጠው አይደለም፤ ወፍም ሆነ ከብት በበላው ጊዜ በሆዱ ሳይፈጭ አልፎ በሩቅ ስፍራ እንዲበቅል የሚጠብቀው ነው። ነገር ግን ያው ጠባቂ ልባሱ ውሃ ቶሎ እንዳይገባ ስለሚከለክል፣ ሳይሰናዳ የተዘራ ዘር አንዱ በሦስተኛው፣ ሌላው በስምንተኛው ሳምንት እየበቀለ፣ ችግኙ እኩያነት ያጣል፤ ተካዩም ግማሹ ጠፋ ብሎ መደቡን ሲገለብጥ ሊበቅል የነበረውን ያጠፋዋል።

ስለዚህ ዘር የሚያሰናዳ ሰው አስቀድሞ ከብዙ ዛፎች መካከል ፍሬው ትልቅ፣ ሥጋው ወፍራም የሆነውን ይመርጣል፤ ፈጽሞ ከበሰለው ፍሬ ዘሩን አውጥቶ ሥጋው እስኪለቅ በውሃ እያሸ ያጥበዋል፤ ሥጋ የቀረበት ዘር ይሻግታልና። ከዚያም በሳህን ውሃ ጨምሮ የሚንሳፈፈውን ይጥላል፣ የሚሰጥመውን ያስቀራል፤ ያንንም ውሃውን በየቀኑ እየለወጠ እስከ ሁለት ሳምንት ይዘፈዝፈዋል። ለ5 ደቂቃ በፈላ ውሃ መቀቀልም፣ በአሲድ መንከርም በሊቃውንቱ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ሆኖም እሳቱ ወይም አሲዱ ጥቂት ቢያልፍ ፅንሱን ስለሚገድለው፣ ለባላገር የሚሻለው ትዕግሥት ብቻ የሚጠይቀው ዝፍዘፋ ነው ባይ ነኝ። ዘሩ ከደን አፈር፣ ከአሸዋና ከበሰለ ፍግ በተደባለቀ መደብ ላይ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እምብዛም ሳይጠልቅ ይዘራል፤ ውሃ ሲበዛ ቡቃያው ከአንገቱ በስብሶ ስለሚወድቅ፣ መደቡ ይርጠብ እንጂ አይጨቅይ።

ይሁንና ዘር የእናቱን ባሕርይ ሙሉ በሙሉ አይወርስም፤ ከአበቦቹ ሲሶ ያህሉ ከሌላ ዛፍ በመጣ ጽጌ ብናኝ ይፀንሳሉና። የተመረጠውን ዓይነት ሳይለወጥ ለማቆየት የሚሻ ሰው፣ ከዘር ያደገውን ችግኝ እንደ ሥር አድርጎ፣ ከምርጡ ዛፍ የተቈረጠ ቀንበጥ ይከትብበታል።

ስለ አፈሩ በተነገረ ጊዜ፣ በቅዱስ ወንጌል የተጻፈው የወይን አትክልት ሠራተኛ ይታሰበኛል፤ ፍሬ ያላፈራችው በለስ ትቈረጥ ሲባል፣ ዙሪያዋን እስኪኰተኵትና ፍግ እስኪያደርግላት አንድ ዓመት እንድትቈይ ለምኖላታል። ዘይቱንም የሚያብበው በአዲስ ቀንበጥ ላይ ስለሆነ፣ አዲስ ቀንበጥ የማያወጣ የተራበ ዛፍ ፍሬው ያንሳል። ናይትሮጅን ቅጠሉንና ቀንበጡን፣ ፎስፎረስ ሥሩን፣ ፖታስየም የፍሬውን መጠንና ጣዕም ያግዛሉ፤ ጀርመናዊው ሊቅ ሊቢኽ ያስፋፋው ሕግ እንደሚያስረዳውም፣ ከእነዚህ አንዱ ቢጐድል የሌሎቹ መትረፍረፍ አይረዳም። ዚንክ ባነሰው ዛፍ ላይ ቅጠሉ ከልክ በታች ያንሳል፣ በጅማቶቹም መካከል ይገረጣል፤ ይህን ያየ ገበሬ በሽታ መስሎት ዛፉን ባይቈርጠው መልካም ነው።

ከዚህ በላይ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ አገራችን ዝናሙ አፈሩን ለብዙ ዘመን ስላጠበው አሲድነት በርትቶበታል፤ በዚህ አፈር ውስጥ ያለውን ፎስፎረስ ብረትና አሉሚኒየም አስረው ስለሚይዙት፣ ማዳበሪያ ቢጨመርም ሥሩ የሚያገኘው ጥቂት ነው። ኖራ አሲድነቱን ያበርዳል፤ የምድጃ አመድም ከዚሁ ጋራ ፖታስየም ይጨምራል። ፍጉና ብስባሹ ግን እንደ ልማድ ከግንዱ ሥር አይከመር፤ ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮች ከላይኛው አፈር ውስጥ ወደ ቅርንጫፉ ጥላ ዳር ተዘርግተው ይገኛሉና፣ በዚያ ዙሪያ ተበትኖ በጥቂት አፈር ይሸፈን፣ በላዩም ደረቅ ሣር ይጐዝጐዝ።

በግቢህ ዘይቱን ያለህ አንባቢ ሆይ፣ የመጪው ክረምት ዝናም ሳይጥል የደረቀውን ቅርንጫፍ ቈርጠህ፣ በዛፉ ጥላ ዳር ዙሪያውን ኰትኵተህ፣ የበሰለ ፍግ አልብሰው።