አንዲ ሁግ፡ ባለ ሰማያዊ ዓይኑ ሳሙራይ

የካራቴ ዳኛ ግጥሚያውን ካስቆመ በኋላ ያረፈ ምት ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ይህ ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1991 ቶኪዮ ላይ የአንድን ስዊዘርላንዳዊ ተጋጣሚ ሕይወት አቅጣጫ ለውጦታል።

አንዲ ሁግ እ.ኤ.አ. በ1964 ዙሪክ ውስጥ ተወለደ። አባቱን ሳያውቅ በአያቶቹ እጅ ያደገ ሲሆን ካራቴን የጀመረውም በልጅነቱ ነው። የመረጠው ኪዮኩሺን የተባለውን፣ ማሱታትሱ ኦያማ የመሠረተውን ስልት ነበር። በዚህ ስልት ተጋጣሚዎች ያለ ጓንት በሙሉ ኃይል ይመታታሉ። ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፤ ጭንቅላትን በእግር መምታት ግን ይፈቀዳል። ሁግ የታወቀበት ምትም ከዚህ የመነጨ ነው፤ እግሩን ከባላጋራው ራስ በላይ ሰቅሎ ተረከዙን እንደ መጥረቢያ ይጥለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1987 በተካሄደው የኪዮኩሺን የዓለም ሻምፒዮና ለፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ያልሆነ ተጋጣሚ ሆነ። በሾኬይ ማትሱይ ተሸንፎም ሁለተኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ከብራዚላዊው ፍራንሲስኮ ፊሊዮ ጋር ሲጋጠም የማቆሚያው ምልክት ተሰማ። ሁግ እጁን ባወረደበት ቅጽበት የፊሊዮ እግር ጭንቅላቱ ላይ አርፎ ዘረረው። ተቃውሞ ቢቀርብም ኦያማ ውጤቱን አጸደቁት፤ ተዋጊ ሁልጊዜ ዝግጁ መሆን አለበት የሚል ነበር ምክንያታቸው። ለስፖርት ሕግ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ ለጥንቱ የጦር ጥበብ ግን ዋናው ትምህርት ነው።

ሁግ ኪዮኩሺንን ትቶ ሴይዶካይካን ወደተባለው ድርጅት ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1992ም የድርጅቱን የዓለም ዋንጫ ወሰደ። ቀጥሎ ጓንት አጥልቆ፣ ፊት በቡጢ ወደሚመታበት ኬ-ዋን ተሻገረ። ሽግግሩ ቀላል አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1994 አሜሪካዊው ፓትሪክ ስሚዝ በ19 ሰከንድ ዘረረው፤ ሁግ ግን በዚያው ዓመት ተመልሶ አሸነፈው። በ1995 ሁለት ጊዜ ያሸነፈውን ደቡብ አፍሪካዊውን ማይክ በርናርዶንም እ.ኤ.አ. በ1996 በዮኮሃማው የግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ዞሮ ጭኑን በመምታት ዘርሮ ሻምፒዮን ሆነ። ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለነበር ከብዙዎቹ ባላጋራዎቹ ያጥር ነበር። ሁሉንም ቂም ግን አልተወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ፊሊዮ እንደገና በመጀመሪያው ዙር ዘርሮታል።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 2000 ዙሪክ ላይ በወገኖቹ ፊት ሚርኮ ክሮ ኮፕን በነጥብ ረታ። በነሐሴ ግን አጣዳፊ የደም ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ነሐሴ 24 ቀን 2000 ቶኪዮ ውስጥ ሲያርፍ 36ኛ ዓመቱን ለመድፈን 14 ቀን ቀርቶት ነበር። ጃፓን ዓይነ ሰማያዊውን እንግዳ እንደ ራሷ ልጅ አለቀሰችለት። ምክንያቱ ዋንጫው ብቻ አልነበረም፤ በወደቀ ቁጥር ሰበብ ሳይደረድር ተመልሶ መነሳቱ ነበር።