ከካርቶኑ ወጥቶ ራሱን የሚያዋቅር ስዊች

አንድ ባንክ በዓመት 40 ቅርንጫፍ ሊከፍት አቅዷል እንበል። ለእያንዳንዱ አንድ ራውተርና ሁለት ስዊች ቢያስፈልግ 120 መሣሪያ ነው። በተለመደው አሠራር ካርቶኖቹ ዋናው መሥሪያ ቤት ይደረደራሉ፤ አንድ ባለሙያ ላፕቶፑንና ሰማያዊውን የኮንሶል ገመድ ይዞ ይቀመጣል፤ ካለፈው ቅርንጫፍ የቀዳውን ኮንፊግሬሽን እየለጠፈ፣ ስምና አድራሻ እየቀየረ ይውላል። አሥረኛው ላይ ዐይኑ ይደክማል። አሥራ አንደኛው ስዊች የአሥረኛውን አድራሻ እንደያዘ ጎንደር ይገባል፤ ስሕተቱ የሚታወቀውም ቅርንጫፉ በሚከፈትበት ጠዋት፣ ደንበኛ ተሰልፎ ነው።

ከዚህ መገላገያው ኮንፊግሬሽኑን ከአንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ማደል ነው። ስዊቹ እንደታሸገ ወደ ቅርንጫፉ ይላካል። እዚያ ያለ ማንኛውም ሠራተኛ የኤሌክትሪኩንና የኔትወርኩን ገመድ ይሰካል። ከዚያ በኋላ ስዊቹ ራሱ ሰርቨሩን ፈልጎ ስሙንና አድራሻውን ይወስዳል። ባለሙያዎች «ዜሮ ተች ፕሮቪዥኒንግ» ይሉታል። ሥራው ግን አልጠፋም፤ ከቅርንጫፉ ወደ ሰርቨሩ፣ ከመክፈቻው ዋዜማ ወደ ወራት በፊት ተዛውሯል እንጂ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ቢል ክሮፍትና ጆን ጊልሞር «ቡትፒ» የተባለውን ፕሮቶኮል አወጡ። ሃርድ ዲስክ የሌላቸው ኮምፒውተሮች ሲበሩ አድራሻቸውንና የሚነሡበትን ፋይል ስም ከኔትወርኩ ጠይቀው እንዲያገኙ ነበር የታሰበው። በ1993 የመጣው ዲኤችሲፒ የዚሁ ወራሽ ነው፤ የመልእክቱ ቅርጽ እንኳ እምብዛም አልተለወጠም። ዛሬ ቤታችን ያለው ዋይፋይ ለስልካችን አድራሻ የሚሰጠውም በዚሁ ነው።

አዲስ ስዊች ሲበራ መጀመሪያ የሚያየው የራሱን ማከማቻ ነው። የተቀመጠ ኮንፊግሬሽን ካገኘ በዚያው ይነሣል፣ ማንንም አይጠይቅም። ሌላ ቦታ ያገለገለ ስዊች አምጥተው «አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ችግር አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ አሮጌው ኮንፊግሬሽን አልተሰረዘም። ማከማቻው ባዶ ከሆነ ግን ስዊቹ ገና አድራሻ ስለሌለው ራሱን 0.0.0.0 ብሎ፣ ወደ 255.255.255.255፣ ማለትም በአካባቢው ላለ ሁሉ፣ «አድራሻ የሚሰጠኝ አለ?» ብሎ ይጣራል። ሰርቨሩ አንድ አድራሻ ያቀርባል፤ ስዊቹ «ይሁን፣ እሱን ስጠኝ» ይላል፤ ሰርቨሩ ያጸድቃል። አራት መልእክት ነው በቃ።

ዋናው ቁም ነገር ያለው ከአድራሻው ጋር ተያይዘው በሚመጡት ቁጥር የተሰጣቸው ተጨማሪ መረጃዎች ውስጥ ነው። 66ኛው ፋይሉ ያለበትን ሰርቨር፣ 67ኛው የፋይሉን ስም ይናገራሉ። የሲስኮ መሣሪያዎች ለሰርቨሩ አድራሻ 150ኛውንም ይጠቀማሉ። ስዊቹ እነዚህን አንብቦ ወደተባለው ሰርቨር ይሄዳል፤ ፋይሉን ያወርዳል፤ በዚያው ይዋቀራል። ፋይሉ ተራ ኮንፊግሬሽን ሊሆን ይችላል። በአዳዲሶቹ መሣሪያዎች ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ የፓይተን ስክሪፕት ነው፤ ስክሪፕቱ መጀመሪያ የሶፍትዌሩን ቅጂ ይፈትሻል፣ አሮጌ ከሆነ ያድሳል፣ ከዚያ ወደ ኮንፊግሬሽኑ ያልፋል።

ሰርቨሩ ጠሪው የጎንደሩ ይሁን የጅማው በምን ያውቃል? አንዱ መንገድ አምራቹ በመሣሪያው ላይ ያኖረው ማክ አድራሻ ነው፤ ሌላው በካርቶኑ ላይ የተለጠፈው ሴሪያል ቁጥር ነው፤ አንዳንድ መሣሪያዎች ሲጣሩ ይህንኑ ቁጥር አብረው ይናገራሉ። ስለዚህ ዕቃው መጋዘን ሲገባ ሴሪያል ቁጥሩ በባርኮድ ማንበቢያ ይነበብና በአንድ ሠንጠረዥ ከቅርንጫፉ ስም፣ ከአድራሻውና ከቪላን (የኔትወርኩ ንዑስ ክፍሎች) ቁጥሮቹ ጋር ይመዘገባል። ኮንፊግሬሽኑ ራሱ አንድ ቅጽ ብቻ ነው፤ ስምና አድራሻ የሚገባባቸው ቦታዎች ክፍት ሆነው የተተዉበት። ኮምፒውተሩ ሠንጠረዡን ከቅጹ እያገናኘ 120 ፋይል በሰከንዶች ውስጥ ያወጣል።

እኔ ግን ከተጨማሪ መረጃዎቹ ሁሉ የምወደው 82ኛውን ነው። የስዊቹን ጥሪ የሚያስተላልፈው ነባር መሣሪያ «ይህ ጥሪ የመጣው በእኔ 24ኛ ወደብ ነው» ብሎ የሚጨምርበት መረጃ ነው። በዚህ ከተሠራ ማንነት የሚለካው በመሣሪያው ሳይሆን በተሰካበት ቦታ ነው። አንድ ስዊች ቢቃጠል፣ ተተኪውን እዚያው ወደብ ላይ መሰካት ይበቃል፤ ሴሪያል ቁጥር የሚመዘግብ ሰው አያስፈልግም።

በወረቀት ላይ ያማረው ይህ ሁሉ ሜዳ ላይ የሚሰናከለው በጥቃቅን ነገር ነው። የስዊቹ ጥሪ ራውተር አያልፍም፤ ስለዚህ የቅርንጫፉ ራውተር ጥሪውን ተቀብሎ ወደ ዋናው ሰርቨር እንዲያደርስ አስቀድሞ መታዘዝ አለበት። ከዋናው መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኘው ራውተር ራሱ አዲስ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ እሱን በእጅ ማዋቀር ወይም በሌላ መስመር መጀመሪያውን ማቀበል ግድ ነው። አዲሱ ስዊች ምንም ቪላን ስለማያውቅ የሚጣራው ያለ መለያ ነው፤ የሚሰካበት ወደብ መለያ የሌለውን ጥሪ ወደ ትክክለኛው ቪላን ካላስገባው ጥሪው ባዶ ሜዳ ይቀራል። ከነዚህም በላይ አለ። ጉጉ ሠራተኛ የኮንሶል ገመድ ሰክቶ «ምን ደረሰ?» ሲል አንድ ቁልፍ ቢነካ፣ ብዙ መሣሪያዎች ሰው መጣ ብለው አውቶማቲኩን ሥራ ያቋርጣሉ።

ከሁሉም ይልቅ ሰው የማያስበው ግን የፋይሉ ማጓጓዣ ነው። የተለመደው ማጓጓዣ ቲኤፍቲፒ የ1981 እ.ኤ.አ. ፕሮቶኮል ነው፤ ቀላልነቱ ነው ያኖረው። ፋይሉን በ512 ባይት እየቆራረጠ ይልካል፤ አንዱ ቁራጭ «ደረሰኝ» ካልተባለ ሌላውን አይልክም። አንድ ሕንፃ ውስጥ ይህ አይታወቅም። መልእክት ሄዶ ለመመለስ 50 ሚሊሰከንድ በሚፈጅበት የሩቅ መስመር ላይ ግን በሰከንድ የሚያልፈው 20 ቁራጭ፣ ማለትም 10 ኪሎባይት ያህል ነው። መስመሩ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን ለውጥ የለውም። 30 ሜጋባይት ፋይል ወደ 50 ደቂቃ ይወስዳል፤ የዛሬ የስዊች ሶፍትዌር ደግሞ በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነው። የቁራጩን መጠን የሚያሳድግ ማሻሻያ አለ፤ ትላልቆቹን ፋይሎች በኤችቲቲፒ ወይም በኤችቲቲፒኤስ መላክ ግን የተሻለ ነው።

ከዚህ የሚከብደው የመታመን ጉዳይ ነው። ስዊቹ የሚያምነው ቀድሞ የመለሰለትን ነው፤ መናኸሪያ እንደወረደ ሻንጣውን ለቀደመው ሰው እንደሚያስረክብ መንገደኛ ማለት ነው። አንድ ክፉ አሳቢ ላፕቶፑን እዚያው ኔትወርክ ላይ ሰክቶ ከሰርቨሩ ቀድሞ ቢመልስ፣ ስዊቹ ያለ ጥያቄ የእሱን ኮንፊግሬሽን ይጭናል። ቲኤፍቲፒ ደግሞ የይለፍ ቃልም ምስጠራም የለውም፤ የፋይሉን ስም የገመተ ሁሉ ያወርደዋል። ኮንፊግሬሽኑ ውስጥ የይለፍ ቃሎች ካሉ ተሰጡ ማለት ነው።

ይህ የወረቀት ሥጋት አይደለም። ሲስኮ «ስማርት ኢንስቶል» የሚባል፣ አዳዲስ ስዊቾችን ከአንድ ማዕከል የሚያዋቅር አሠራር ነበረው። አሠራሩ የሚያዘው ማን እንደሆነ አይጠይቅም፤ በብዙ ስዊቾች ላይም ሥራው ካለቀ በኋላ 4786 በተባለው ወደብ ክፍት እንደሆነ ቀረ። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. አጥቂዎች ይህንኑ በር ተጠቅመው በኢራንና በሩሲያ ጭምር የስዊቾችን ኮንፊግሬሽን አጠፉ፤ በቦታውም የአሜሪካን ባንዲራ በፊደላት ስለው፣ በምርጫችን አትግቡ የሚል መልእክት ትተው ሄዱ። የኢራን የመገናኛ ሚኒስቴር በዓለም 200,000፣ በኢራን 3,500 ያህል ስዊቾች መጠቃታቸውን ገልጿል።

መከላከያው ከመጀመሪያው ንድፍ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው። በነባሮቹ ስዊቾች ላይ «ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ» ከተከፈተ፣ ከታመነው ወደብ ውጭ የሚመጣ የአድራሻ መልስ ይጣላል። ለአዲሱ ስዊች በመጀመሪያ የሚሰጠው ፋይልም እጅግ አጭር መሆን አለበት፦ የአስተዳደር አድራሻና ለኤስኤስኤች የሚሆን ቁልፍ ብቻ። ምስጢር ያለበት ቀሪው ኮንፊግሬሽን በተመሰጠረው የኤስኤስኤች መስመር፣ እንደ አንሲብል ባለ ሶፍትዌር ይከተላል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 8572 የተባለው የኢንተርኔት መመዘኛ ከዚህም ያልፋል፤ አምራቹ በእያንዳንዱ መሣሪያ ውስጥ የማይሰረዝ ዲጂታል መታወቂያ ያስቀምጣል፣ ስዊቹም የሚያገኘው መመሪያ በእውነተኛ ባለቤቱ የተፈረመ ወይም ከታመነ ሰርቨር የመጣ መሆኑን ሳያረጋግጥ አይጭንም። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ባትሪ የሌለው አዲስ መሣሪያ ሰዓቱን አያውቅም፤ 1970 ወይም 1993 ላይ ነኝ ብሎ ሊነሣ ይችላል። የዛሬው ሰርተፊኬት ለእሱ ገና ያልጸና ነው፤ ስለዚህ ትክክለኛ ሰዓት የሚያገኝበት መንገድ ቀድሞ ይዘጋጅለት።

መጀመር የሚፈልግ ሰው ውድ ሶፍትዌር አያስፈልገውም። ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ ዲኤችሲፒንና ቲኤፍቲፒን በአንድ ላይ የያዘው ነፃው «ዲኤንኤስማስክ»፣ አንድ ባዶ ስዊችና አንድ ገመድ ይበቃሉ፤ ከመሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ ግን ተለይቶ ይሁን፣ አለበለዚያ የጎረቤት ቢሮ ኮምፒውተሮች አድራሻቸውን ከእርስዎ ላፕቶፕ መውሰድ ይጀምራሉ። የሰርቨሩን መዝገብ ከፍተው ስዊቹን ያብሩ። ጥሪው፣ አድራሻው፣ የፋይል ጥያቄው በየተራቸው ይታያሉ። በተለይ የፋይሉን ጥያቄ ያስተውሉ፤ ስዊቹ የሚፈልገው ስም ከሰጡት ስም በአንዲት ፊደል ቢለይ ስሕተቱ የሚነበበው እዚያ ነው። ሲሳካ ኮንፊግሬሽኑን አጥፍተው ይድገሙት፤ አሁን ግን ፋይሉ ሲወርድ መሐል ላይ ገመዱን ይንቀሉ። ስዊቹ ዳግም ይሞክራል ወይስ በግማሽ ፋይል ይነሣል? መልሱ እንደ አምራቹና እንደ ሶፍትዌሩ ቅጂ ይለያያል፤ 120 ካርቶን ወደየክፍለ ሀገሩ ከመጫኑ በፊት መታወቅ አለበት።