በመኝታ ቤት የሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቸኝነትና የስሜት አያያዝ

ብቸኝነት ብዙውን ጊዜ ሰው ከማጣት ጋር አንድ ተደርጎ ይታሰባል። በተደራራቢ አልጋ በአንድ ክፍል የሚያድሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ብቸኝነት ይሰማቸዋል ሲባል ለማመን የሚያስቸግረውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይሁን እንጂ አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት ዌይስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ብቸኝነት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ምስጢር የሚያካፍሉት የቅርብ ሰው በማጣት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከወገን የሚቆጥሩት የባልንጀሮች ክበብ በማጣት ይመጣል፤ የአንዱም መኖር የሌላውን ጉድለት አይሞላም።

በኢትዮጵያ አብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚመደቡት በማዕከል ስለሆነ፣ በጎጃም ገጠር ላደገ ልጅ ጅማ ወይም ዲላ ሊደርሰው ይችላል። ከቤት የተሰነቀለት በሶና ዳቦ ቆሎ ሳያልቅ፣ ቋንቋቸውና የጸሎት ሰዓታቸው ከእርሱ ከተለየ ጓደኞች ጋር አንድ ክፍል ይጋራል። እንዲህ ያለው ተማሪ ሁለቱንም ዓይነት ብቸኝነት በአንድ ሳምንት ይቀምሳል።

ስሜቱ ግን በአብዛኛው አላፊ ነው። ካሮሊን ካትሮና እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጡት ጥናት፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ከገቡ አዲስ ተማሪዎች መካከል ከመቶ 75ቱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቸኝነት እንደተሰማቸው ሲገልጹ፣ ከሰባት ወር በኋላ ቁጥሩ ወደ 25 ዝቅ ብሏል። ችግሩ ያልለቀቃቸው ተማሪዎች ለሁኔታው ምክንያት አድርገው የሚቆጥሩት በይበልጥ የራሳቸውን ጠባይ ነበር። ሰው አይወደኝም ብሎ የደመደመ ወጣት፣ ጎረቤቱን ቡና እንጠጣ ለማለት እንኳ ድፍረት ያጣል።

ስሜትን መያዝ ሲባል ስሜትን መደበቅ ማለት አይደለም። ሁለቱ እየተምታቱ ብዙ ጉዳት ደርሷል። በአገራችን «ሆድ ይፍጀው» ማለት የጨዋነት ምልክት ነው፤ ለወንድ ልጅማ ይልቁን። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ፣ ተማሪዎችን ከዩኒቨርሲቲ መግቢያቸው በፊት ጀምሮ የተከታተለ አሜሪካዊ ጥናት እንዳሳየው፣ ስሜታቸውን የማፈን ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከሌሎች ያገኙት ድጋፍና የመሠረቱት ቅርበት ያነሰ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያልተናገረውን ሰው ጭንቀት ማንም አያውቅለትም። ከዚህ የተሻለው ብልሃት ነገሩን በሌላ ዓይን ማየት ነው፤ ይኸውም «እኔ ጎደሎ ነኝ» ከማለት «ገና አዲስ ነኝ» ማለት ነው።

ይህ ልማድ የሚገነባው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በመጀመሩ፣ ብዙ ተማሪዎች የመኝታ ቤትን ኑሮ ለጥቂት ሌሊቶች አስቀድመው ይቀምሱታል። መምህራን ተማሪዎቹ ሲመለሱ ስለ ፈተናው ጥያቄዎች ብቻ ሳይሆን ስለ ሌሊቶቹም ቢጠይቋቸው መልካም ነው። በዩኒቨርሲቲዎች በኩል ደግሞ የመኝታ ቤት ፕሮክተሮች ቁልፍና ፍራሽ ከመቁጠር በተጨማሪ፣ ካፌ መሄድ ያቆመውንና ቀኑን በአልጋው ላይ የሚያሳልፈውን ተማሪ ለይተው ወደ ምክር አገልግሎት እንዲመሩት ማሠልጠን ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ይህም በመጀመሪያው መንፈቅ፣ የክፍል ጓደኞች ገና ሳይለማመዱ ቢጀመር ይመረጣል።